ሃያ ሦስተኛው ሚስማር

የግድቡን ጠባቂ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚጠራው «አባ ሚስማር» እያለ ነው። ስሙን ያወጣለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ይህ ሰው በሐይቁ ላይ አምስት ጀልባ የሚያከራይ፣ ከመቅዘፊያው ይልቅ ምላሱ የሚፈጥን ጀልበኛ ነው። ስሙ ግን ያለ ምክንያት አልወጣም። በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ጣውላ ተመትቷል፤ በጣውላውም ላይ አርባ ሚስማር በአራት ረድፍ ተተክሏል። በየሚስማሩ ላይ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማይበልጥ ክብ ነሐስ ይንጠለጠላል፤ በነሐሱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ በቀዳዳውም ግድቡ ሲሠራ የተረፈ አረንጓዴ የኤሌክትሪክ ሽቦ ገብቶ እንደ አምባር ተቋጥሯል። ሊዋኝ የመጣ ሰው ሁሉ አንዱን ከጠባቂው እጅ ተቀብሎ በእጁ አንጓ ላይ ያጠልቃል፤ ከውሃ ሲወጣም ይመልሳል።

ይህን ሕግ ከላይ ያወረደው መሥሪያ ቤት የለም። ያወጣው ራሱ ጠባቂው ነው። ግድቡ ትንሽ ነው፤ የተሠራውም ከበታቹ ላሉት ገበሬዎች ማሳ ሲሆን፣ የከተማ ሰው በዕረፍት ቀን መዋኛና መንሸራሸሪያ ያደረገው ኋላ ነው። በአንደኛው ትከሻው በኩል የድንጋይ ማማ ቆሟል። በማማው አናት ላይ አንድ የብረት መዘውር አለ። መዘውሩ ሲዞር ከሐይቁ ሥር ያለው መዝጊያ ይከፈታል፤ ውሃውም በብረት ፍርግርግ በኩል ወደ ቦዩ ይወርዳል። ላዩ ጸጥ እንዳለ ነው፤ ሥሩ ግን ይስባል። ስለዚህ አባ ሚስማር በሥራው መጀመሪያ ዓመት ነሐሶቹን ከአንድ ቀጥቃጭ ዘንድ አስቀርጾ ለራሱ ቃል ገባ፦ አርባው ሚስማር ሳይሞላ መዘውሩ አይነካም።

ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሰውን በአፉ አያምንም። «ወጥቻለሁ» ያለውን ሰው ነሐሱን ካላየ ወጥቷል አይልም፤ ነሐሱን ያመጣውን ሰው ደግሞ ጸጉሩ እርጥብ መሆኑን ካላረጋገጠ የዋኘው እሱ ነው ብሎ አይቀበልም። ጀልበኛው በዚህ ሲሥቅ ውሎ ያድራል።

«ጋሼ፣» ይለው ነበር፣ «እቴቴንም ማታ ማታ ሚስማር ላይ ሰቅለህ ነው የምትተኛው?»

«አንተ ጀልባህን እሰር።»

«ጀልባዬማ ታስሯል። ያልታሰረው ምላሴ ነው።»

ሚስቱ በዳርቻው ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ምድጃዋን ያቆመችው ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ ሐይቁን እያየ ይጠጣል፣ እሷ ግን የምታየው መንገዱን ነው። ቤታቸው ከግድቡ በስተ ጀርባ፣ ከቦዩ ማዶ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ባልየው አመሻሽ ላይ ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀውና አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች።

«ሚስማሩ ሞላ?»

«ሞልቷል።»

ከዚያ ገብተው ይበላሉ። ይህ ጥያቄና ይህ መልስ በየምሽቱ ሲመላለስ ዓመታት አለፉ። እሱም የቤት ልማድ ነው ብሎ ተወው።

አሁን የጠባቂውን ምሥጢር መናገር ግድ ይላል። አባ ሚስማር ሰው ሲቆጥር ሁልጊዜ አንድ ይተርፈው ነበር።

የዕረፍት ቀን ነው እንበል። ከጣውላው ላይ አሥራ ሁለት ነሐስ ወጥቷል። ወንበሩን በራፉ ላይ አድርጎ በውሃው ላይ የሚታየውን ራስ ይቆጥራል፦ አሥራ ሦስት። ዓይኑን አሽቶ እንደገና ይቆጥራል፤ አሥራ ሦስት። አንደኛው ራስ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ወደ ማማው ግድም ነው። አይጮኽም፣ አይንቦጫረቅም፣ እጁንም አያነሣም። ውሃው እስከ አገጩ ደርሶ ዝም ብሎ ወደ እሱ ይመለከታል። ከመቀመጫው ሲነሣ ደግሞ የለም። መጀመሪያ ላይ የአንድ ዳክዬ ጥላ ነው አለ። ቀጥሎ ዓይኔ ደክሟል አለና ከተማ ወርዶ መነጽር አሠራ። መነጽሩ ግን ራሱን ይበልጥ አጠራለት እንጂ አላጠፋለትም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሐይቁን ዓሣ አይበላም። ከተማ በወረደ ቁጥርም ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ዘንድ ይቆማል። እዚያ የጠፉ ሰዎች ማስታወቂያ ይለጠፋል። ጣቱን በየፊደሉ ላይ እያሳለፈ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነብባል፤ ስሙን ሳይሆን ቀኑን ነው የሚፈልገው። ወር ይስማማል፣ ዓመቱ አይስማማም፤ ዓመቱ ይስማማል፣ ወሩ አይስማማም። በዚህም ጊዜ አውቶቡሱ ጥሎት ይሄዳል። ሚስቱ «ምን አስመሸህ?» ስትለው «ሰው ብዙ ነው» ይላል።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ሐይቁ ከዚያ በፊት ወርዶ በማያውቀው መጠን ወርዶ ነበር። ገበሬዎቹ በተራ ውሃ የሚያገኙት ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። አንድ የዕረፍት ቀን፣ ተራው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ነጎድጓድ ተሰማ። የከተማው ሰው ልብሱን በብብቱ ይዞ ወደ መኪናው ሮጠ። ነሐሱን በእጁ የሚቀበል ጊዜ አልነበረም፤ ሁሉም በጥበቃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እየወረወረ አለፈ።

አባ ሚስማር መብረቅ ይፈራል። በዚያ የብረት መዘውር ላይ ተንጠልጥሎ መብረቅ እንዳይመታው፣ ዝናቡ ሳይደርስ ቶሎ ከፍቶ ቶሎ ለመጨረስ ተቻኮለ። ወደ ማማው ወጣና ሐይቁን ከላይ ተመለከተ፤ አንድም ሰው አልነበረም። በጠረጴዛው ላይ የተከመረውንም ነሐስ አሰበ፤ ብዙ ነበር። «ሁሉም ወጥቷል» አለ በሆዱ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጥር አመነ። መዘውሩን አሥራ ስምንት ጊዜ አዞረው። ማማው ሥር እንደ ሰው ጉሮሮ ያለ ድምፅ ተሰማ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ዘግቶ በዝናብ ተመትቶ ወረደ፤ ነሐሶቹንም አንድ በአንድ በየሚስማሩ ሰቀለ።

ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ። ሃያ ሦስት የለም።

ጠረጴዛውን ገለበጠ። ወለሉን በእጁ ዳሰሰ። ወደ ዳርቻው ሮጦ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። የተረሳ ልብስ የለም፣ የተረሳ ጫማ የለም፤ «ወንድሜን አያችሁ ወይ?» ብሎ የሚጮኽ ሰው የለም። በዚያች ደቂቃ ሊያደርግ የሚገባውን ያውቅ ነበር፦ ጀልበኛውን ጠርቶ፣ ገበሬዎቹን ሰብስቦ፣ በገመድና በሜንጦ የማማውን ሥር ማስፈተሽ። ግን ያን ካደረገ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መዘውሩን ማን ከፈተው?» ተብሎ ነው። አንዱ ተሳስቶ ይዞት ሄዶ ይሆናል አለ። ከዚያም ጥበቃ ቤቱን ቆልፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ጸጉሯ ርሷል፤ ዝናብ ነው። የግራ እጇ አንጓ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«የጀበናው እንፋሎት አቃጠለኝ።» ትኩር ብላ አየችው። «ሚስማሩ ሞላ?»

«ሞልቷል፣» አለና ገብቶ እራቱን በላ።

በማግሥቱ ማለዳ ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ አንድ ክብ ቆርጦ በሚስማር ጫፍ 23 ብሎ ጻፈበት፤ በባዶውም ሚስማር ላይ ሰቀለው። ያንን ቆርቆሮ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። «ይኼ ተበላሽቷል» ይላል። ቆርቆሮውም ዝናብ በማይነካው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ዋለ ዕቃ ከዓመት ዓመት እየዛገ ሄደ። ከሥሩም በጣውላው ላይ አንድ ቀይ መስመር እንደ እንባ ወረደ። ሁለት ጊዜ ጣራውን አደሰ፤ ሦስት ጊዜ ጣውላውን ቀባ። መስመሩ ተመልሶ ይመጣል።

እንግዲህ አባ ሚስማር ስድሳ አንድ ዓመት በሞላው ዓመት አንዲት መሐንዲስ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ደብዳቤው ሐይቁ በደለል እየሞላ ስለሆነ ውሃው በሙሉ እንዲለቀቅ፣ ደለሉ እንዲጠረግና አሮጌው ፍርግርግ በአዲስ እንዲተካ ያዝዛል። ጠባቂው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙሮ ተመለከተ። ቀጥሎ ሴትየዋን ከጫማዋ እስከ ጸጉሯ ተመለከተ። አንድ ሰው ነግሯታል ብሎ ጠረጠረ፤ ማን እንደ ሆነ ግን ሊያስብ አልቻለም፣ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

«መዘውሩ ዝጓል፣» አላት። «እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ቢነካ ይሰበራል።»

መሐንዲሷ ማማው ላይ ወጥታ መዘውሩን በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን አሳየችው።

«አባባ፣ ቅባቱ እኮ ገና ትኩስ ነው። እንዲህ የተያዘ መዘውር አይቼ አላውቅም። እርስዎ ነዎት የሚቀቡት?»

«ሥራዬ ነው።»

«ታዲያ የዛገው የቱ ነው?»

ጀልበኛው ከታች ሆኖ ሰምቶ ኖሮ «ዝገቱ ጋሼ ጉልበት ላይ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ። አባ ሚስማር አልሳቀም።

መዝጊያው ተከፈተ። ውሃው ተሟጦ እስኪያልቅ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መዋኘት ተከለከለ፤ አርባው ሚስማር ቀንና ሌሊት ሙሉ ሆኖ ሰነበተ። አባ ሚስማርም ከልማዱ የተነሣ ወንበሩን አውጥቶ ሰው የሌለበትን ውሃ ይቆጥር ጀመር። አንድ። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ። ሐይቁ እየጠበበ ሲሄድ ራሱም አብሮ ወደ ማማው እየቀረበ ሄደ። በሰባተኛው ቀን ዳርቻው ደርቆ መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ ያ ራስ ከማማው ትከሻ ሥር ከቀረው ኩሬ መሃል ሆኖ ያየው ነበር። ጠባቂው ወንበሩን አንሥቶ ወደ ጥበቃ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። በቀን በር ዘግቶ የማያውቅ ሰው ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ሚስቱ እንደ ወትሮዋ ጠየቀችው።

«ሚስማሩ ሞላ?»

«የሚዋኝ ሰው ሳይኖር ሚስማሩ ምን ሆኖ ይጎድላል?» አላት ተቆጥቶ።

«እኔማ ጠየቅሁ እንጂ፣» አለችና ምድጃዋን ወደ መቀስቀስ ተመለሰች።

በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ከማማው ሥር ጥቁር ጭቃ ብቻ ቀረ። ጀልበኛው ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ ገባና ከጭቃው ውስጥ አንድ መቅዘፊያ መዝዞ አወጣ።

«ይቺን! ይቺን መቅዘፊያ እኮ ሰረቀኝ ብዬ ከዚያ ከዓሣ አጥማጁ ጋር ሁለት ዓመት ተኮራርፈናል! አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ጨርሶ አትየው፣» አሉት ሠራተኞቹ። «እሱም ደስ ይለዋል።»

የፕላስቲክ ወንበር ተገኘ። ሰባት ጫማ ተገኘ፤ ከሰባቱ አንዱም ጥንድ አልነበረውም። አባ ሚስማር ግን ሳቁንም ጫማውንም ትቶ በቀጥታ ወደ ፍርግርጉ ሄደ። አካፋውን ጣለና በጉልበቱ ተንበርክኮ ጭቃውን በእጁ ማውጣት ጀመረ። እያንዳንዱን ዕፍኝ በጣቶቹ መካከል እያሸ ይጥለዋል። ቅርንጫፍ ሲያገኝ እጁ ይደነግጣል፤ ቅርንጫፍ መሆኑን ሲያውቅ ይቀጥላል። መሐንዲሷ ከላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ቁጥር።»

«የምን ቁጥር?»

«ነሐስ ነው። አንድ ነሐስ ጎድሎብኝ ነበር።»

«ታዲያ ለአንድ ነሐስ እንዲህ ይደክማሉ?» አለችና አዘነችለት። ሠራተኞቹንም እንዲያግዙት አዘዘች።

ፍርግርጉ ተፈታ፣ ተነሣ፣ ሥሩ ተጠረገ። ምንም የለም። ከብረቱ ላይ ሣርና ላስቲክ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። አባ ሚስማር ከተንበረከከበት ተነሥቶ ወገቡን ያዘ። ለአሥራ አንድ ዓመት በደረቱ ውስጥ ይዞት የኖረውን ትንፋሽ ሊያወጣ ሲል ዓይኑ ወደ ማማው ትከሻ ዞረ።

ከማማው በላይ ቆሞ ሲመለከት የማትታይ አንዲት ጥግ አለች፤ የድንጋዩ ትከሻ ይከልላታል። እዚያ ግድቡ ሳይሠራ የነበረ ዛፍ ጉቶ ከጭቃው ውስጥ ብቅ ብሏል። ከጉቶው አንድ ቅርንጫፍ እንደ ታጠፈ ጣት ወጥቷል። በቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ሽቦ ተሰክቷል። በሽቦው ላይ ነሐሱ ጥቁር ሆኖ ተንጠልጥሏል። በአውራ ጣቱ ሲያሸው ሁለትና ሦስት ወጡ።

ሽቦው አልተበጠሰም። ቋጠሮው አልተፈታም። ከውስጡ የወጣው እጅ ብቻ ነው። አባ ሚስማር ይህን በተመለከተ ጊዜ ሁለት ነገር አሰበ፦ ወይ ሰውዬው በሕይወት ሳለ እጁን አሾልኮ ወጥቷል፣ ወይ ሥጋው ካለቀ በኋላ አጥንቱ ሾልኮ ወርዷል። እስከ እኩለ ቀን ድረስ የጉቶውን ዙሪያ እስከ ድንጋዩ ቆፈረ። አጥንት አልነበረም። ነሐሱን በኪሱ ከትቶ፣ ከነጭቃው ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ ከማጀት ሆና ድንች ትልጥ ነበር። ነሐሱን በጠረጴዛው ላይ አኖረው። አፉን የከፈተው የአሥራ አንዱን ዓመት ነገር ሁሉ ሊነግራት ነበር፤ ከዚህ በላይ ብቻውን ሊሸከመው አልቻለም። እሷ ግን ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን በጨርቅ አደረቀች፣ ነሐሱን አንሥታ አገላብጣ አየችው።

«ጉቶው ይዞት ኖሯል ለካ፣» አለች።

«ምን አልሽ?»

የግራ እጅጌዋን ሰበሰበች። በአንጓዋ ዙሪያ አንድ ነጭ ጠባሳ እንደ አምባር ዞሯል። የእንፋሎት ቃጠሎ እንዲህ አይዞርም። አብረው ሲኖሩ ይህን ጠባሳ ስንት ጊዜ እንዳየው፣ አንድም ጊዜ ግን እንዳልተመለከተው በዚያች ደቂቃ ተረዳ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ወንዝ ውስጥ ነው ያደግሁት። አንተ ‹የጠባቂ ሚስት ሰው ፊት አትዋኝም› አልክ። እኔም ‹ብርጭቆ ላጥብ› እያልኩ በዚያች ጥግ እገባ ነበር። አንተ ከላይ አታያትም።»

«ነሐሱንስ? ማን ሰጠሽ?»

«ራሴ ከሚስማሩ ላይ አወረድኩት። ያለ ነሐስ ማንም አይገባም ትል አልነበረም? ተደብቄም ቢሆን ሕግህን አከበርኩ።» ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «አንድ ነገር ብሆን ሚስማሩ ይነግረዋል ብዬ ነበር።»

አባ ሚስማር ቆሞ ቀረ። ጭቃው ከሱሪው ላይ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ውሃው እግሬን ሲይዘኝ ሰው የጎተተኝ መሰለኝ፣» አለች። «ጮኽኩ፣ ነጎድጓድ ነበር። ያንን ጉቶ ጨበጥኩ፣ እጄ አዳለጠኝ፣ ሽቦው ግን ተሰክቶ ያዘኝ። ተንጠልጥዬ ቆየሁ። መሳቡ ሲቆም ቆዳዬን ጥዬ እጄን አወጣሁ።»

«ምነው ያን ጊዜ ብትነግሪኝ?»

«ጠየቅሁህ እኮ! በር ላይ ቆሜ ‹ሚስማሩ ሞላ?› አልኩህ። ገመድ ልትወስድ፣ ሰው ልትጠራ የመጣህ መስሎኝ ነበር። አንተ ሞልቷል አልክ።»

«ፈርቼ ነው። ሰው ሞቷል ብዬ…»

«ሰው ሞቷል ብለህ ነው እኮ ያን እራት የበላኸው፣» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ማለዳ ደግሞ ቆርቆሮው ሲቆረጥ ሰማሁ። ተኝታለች ብለህ ነው። ከዚያ ወዲህ በየማታው ጠየቅሁህ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ‹አልሞላም፣ አንድ ሰው ጎድሎብኛል› ብትለኝ ኖሮ እጄን ገልጬ አሳይህ ነበር።»

ከዚያ ቢላዋዋን አንሥታ ድንቿን መላጥ ቀጠለች። እሱ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ በእጁ የሞተ ሰው የለም። ነገር ግን ደስታው ሊመጣ እምቢ አለ። ለአሥራ አንድ ዓመት ከውሃው ውስጥ ያየው የነበረው ያ ራስ ማን እንደ ሆነ አሁን አወቀ፤ ያ ራስ ከእሱ ጋር ሲበላ፣ ከእሱ ጋር ሲተኛ ኖሯል። ለይቅርታ ቃል ፈለገ። ያገኘው ቃል ሁሉ ግን ያን ጊዜ «ሞልቷል» ያለበት አፍ ውስጥ የነበረ ነው። በዚያ ምሽት በር ላይ የጠበቀው ሰው አልነበረም። «ሚስማሩ ሞላ?» የሚለውን ጥያቄም ዳግመኛ አልሰማውም። ቤቱ ውስጥ ጥያቄው የነበረበት ቦታ ባዶውን ቀረ፤ እሱም እንደ ጎደለ ጥርስ በየማታው በምላሱ ይዳስሰው ጀመር።

ደለሉ ተጠረገ፤ አዲሱ ፍርግርግ ተተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናባት ጣሉ። ሐይቁ ግን ገና እስከ ግማሹ እንኳ አልደረሰም፤ የወረደበት ልክ ያ የክፉው ዓመት ልክ ነበር። መዋኘት በተፈቀደበት በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን አባ ሚስማር የዛገውን ቆርቆሮ ከጣውላው ላይ አውርዶ ነሐሱን በቦታው መልሶ ሰቀለ። ሰው መጣ፣ ዋኘ፣ ሄደ። እሱም ቆጠረ፤ ሒሳቡ ትክክል ሆነ። የሚተርፍ ራስ አልነበረም። እፎይ ሊል ሲል ፀሐይ አዘቀዘቀች።

በዚያን ጊዜ ሚስቱ ከምድጃዋ ተነሥታ ወደ ጥበቃ ቤቱ መጣች። በሁሉም ፊት እጇን ዘርግታ ሃያ ሦስትን አወረደች፤ በአንጓዋ ላይ ጠባሳው ባለበት አጠለቀችው።

«እቴቴ፣» አለ ጀልበኛው ዓይኑን አፍጥጦ፣ «ብርጭቆ ልታጥቢ ነው?»

«ልዋኝ ነው።»

«በስተርጅና?»

«አንተ በስተርጅና ትቀልድ የለም?» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ በግድቡ ትከሻ በኩል ወረደች። ወደ ባልዋ አልተመለከተችም። ውሃው ውስጥ ገብታ እንደ ልጃገረድ ቀዘፈች፤ ማማውን ዞራ ከዓይን ተሰወረች።

አባ ሚስማር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የገበሬዎቹ ተራ አስከባሪ አካፋውን በትከሻው ይዞ ከቦዩ ወጣ።

«አባ ሚስማር! ሰዓቱ ደርሷል፣ ልቀቅልን እንጂ!»

«አንድ ሚስማር ባዶ ነው።»

«ማን ነው የቀረው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«እና ጥራታ! ሚስትህ አይደለችም እንዴ? እኛ ሜዳ ላይ እንድናድር ነው?»

ጠባቂው ሊጠራት ተነሣ። ግን በምን መብት ይጠራታል? ውሃውን ተመለከተና ቆጠረ። ከጣውላው ላይ የወጣው አንድ ነው፤ በውሃው ላይ የሚታየው ራስ ምንም ነው። ራስ ሲቆጥር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጎደለው። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ደረሰች። ውሃው ዝም እንዳለ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ማለት ነው፣ ነጎድጓዱ ብቻ ሲቀር።

ወደ ጥበቃ ቤቱ ተመለሰ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከጣውላው ላይ ሃያ አራትን አወረደና ሽቦውን በእጁ አንጓ ላይ አጠለቀ፤ ሠላሳ ዓመት ለሌላ ሰው ሲሰጥ የኖረውን ነገር በራሱ እጅ ላይ አድርጎት አያውቅም ነበር፣ መዋኘትም አይችልም። ከነጫማው በግድቡ ትከሻ በኩል ድንጋዩን እየጨበጠ ወረደ። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ፣ ወገቡ ደረሰ፣ ደረቱን ያዘው። ከላይ ጀልበኛው «ጋሼ! ጋሼ፣ አብደሃል?» እያለ ሲሮጥ ይሰማዋል። መልስ ሳይሰጥ ማማውን በጀርባው ታክኮ ዞረ።

እዚያው ነበረች። ጉቶውን በአንድ እጇ ይዛለች። ውሃው እስከ አገጯ ደርሷል። አትጮኽም፣ አትንቦጫረቅም፤ ዝም ብላ ወደ እሱ ትመለከታለች፣ ልክ ያ ራስ ያይ እንደ ነበረው።

«ልፈልግሽ ነው የመጣሁት፣» አላት።

አየችው። እጁ ላይ ያለውን ነሐስም አየች።

«ዘገየህ፣» አለችው።

እሱም ድንጋዩን እንደ ጨበጠ፣ ውሃው በደረቱ ላይ እየተንቀሳቀሰ፣ ከእሷ አንድ ክንድ ርቆ ቆመ። ተራ አስከባሪው ከላይ እየጮኸ ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄደ። በጣውላው ላይ ሁለት ሚስማር ጎን ለጎን ባዶውን ነበር። መዘውሩን የሚነካ ሰው አልተገኘም።